ኮፈኖ ከፍቶ ማየት

አዲስ አበባ ውስጥ መኪናው መንገድ ላይ የቆመችበት ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ኮፈኖ መክፈት ነው። ስለ ሞተር ያውቃል? አያውቅም። ታዲያ ከፍቶ ምን ያያል? ሞተሩን። ሞተሩ እዚያው አለ፤ ማንም አልወሰደውም። ሰውዬው ግን አንድ እጁን ወገቡ ላይ፣ ሌላውን ክዳኑ ላይ አሳርፎ፣ ግንባሩን ቋጥሮ ያያል። መሀል ላይ አንዱን ቱቦ በጣቱ ነካ ያደርጋል። የነካው የመስታወት ማጠቢያ ውሃ የሚያልፍበት ቱቦ ሊሆን ይችላል። ግድ የለም፤ ዋናው መንካቱ ነው።

ልማዱ ከንቱ ነው ማለት ግን አይቻልም። የአደጋ ምልክት መብራት በዚህ ከተማ ብቻውን ማንንም አያሳምንም፤ ዳቦ ሊገዛ ደርቦ የቆመውም፣ ሙሽራ የሚያጅበውም፣ የድሮ ጓደኛውን አይቶ ሰላምታ የሚለዋወጠውም እኩል ያበራዋል። ኮፈኖ የከፈተ ሰው ግን ይታመናል። ከኋላው የተኮለኮለው ሰልፍ ክላክሱን ረገብ ያደርጋል፤ ስድቡም ወደ ምክር ይለወጣል። ያው ሰው፣ ያው አፍ ነው። አሁን "አንተ ደንቆሮ፣ ንዳው እንጂ!" ሲል የነበረው፣ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ወንድሜ፣ ካንዴላዋን አይተኸዋል?" ይላል።

ነገሩ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ጠዋት ቢሮ ስታደርስ ምንም ያልነበረባት መኪና ማታ ወደ ቤት ስትመለስ ትቆማለች። "ሥራ ስትወስደኝ አንድም ቀን ቆማ አታውቅም፤ ወደ ልጆቼ ስሄድ ነው የሚያማት" እያለ የሚያማርር አንድ የሂሳብ ሠራተኛ አለ። ከአለቃው ጋር ተመሳጥራለች ብሎ ይጠረጥራታል።

መኪናዋ ግን የራሷ ምክንያት አላት። ከመገናኛ እስከ አያት፣ ወይም ከሜክሲኮ እስከ ጀሞ በአንደኛ ማርሽ እየተሳቡ መሄድ ማለት ሞተሩ ሙሉ ሰዓት እየሠራ ነፋስ የሚያገኘው ከማራገቢያው ብቻ ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ መብራቱ በርቷል፣ ሬዲዮው ይጮሃል፣ ክረምት ከሆነ ደግሞ የዝናብ መጥረጊያው ይመላለሳል። ሞተሩ ቀስ ሲል ዲናሞው የሚያመነጨው ትንሽ ነው፤ ጎደሎውን ባትሪው ከኪሱ እየሸፈነ ይቆያል። ከዚያ ቤንዚን ለመቆጠብ ሰልፍ ላይ ሞተር ያጠፋ ሹፌር መንገዱ ሲከፈት ቁልፉን ያዞራል። "ጭ" ብላ ዝም።

የከተማዋ አቀማመጥም አያግዝም። አዲስ አበባ የተቀመጠችው 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲሆን ራስጌዋ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ የሚያገኘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ስለዚህ ያቺው ቪትዝ ጅቡቲ ወደብ ላይ ከነበራት ጉልበት ወደ ሩብ የሚጠጋውን ጥላ ነው ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ የምትደርሰው። የውሃው ነገር ደግሞ ይብሳል። ባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ባቄላ ለመቀቀል ከሰል የምትጨርስ እናት ይህን ያለ ቴርሞሜትር ታውቀዋለች። ሞተር በጤናው ጊዜ እንኳ የሚሠራው 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ መንተክተክ ከደጃፉ አይርቅም። የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ውሃውን በግፊት አፍኖ ይዞ መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ክዳኑ ውስጥ ያለችው ትንሽ ጎሚኒ ስትደርቅ ግፊቱ ያመልጣል፣ ውሃው ይገነፍላል፣ ባለቤቱም "ሞተሯ አለቀላት" ብሎ ከጋራዥ ጋራዥ ይንከራተታል። ክዳን ቀይር የሚለው ሰው እስኪያገኝ ድረስ ብዙ ነገር ቀይሯል።

ከቀየራቸው ወይም ካስጣላቸው ነገሮች አንዱ ቴርሞስታት ነው። መኪና ሞቀች ሲባል እሱን አውጥቶ መወርወር የቆየ የጋራዥ ብልሃት ነው። "ይህቺ ደግሞ ምን ትሠራለች?" ይልና መካኒኩ ከባለቤቱ ፊት ያሽከረክራታል። ከዚያ በኋላ መኪናዋ ጠዋት ቶሎ አትሞቅም፣ ቤንዚን ትጠጣለች፤ ክዳኑ አልተቀየረምና ማታ ሰልፍ ውስጥ እንደ ልማዷ ትፈላለች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የሚያንጠባጥብ ሳልቫትዮ በልብስ ሳሙና ይደፈናል፤ ሳሙናን ቤንዚን ስለማያሟሟው በእርግጥም ለጊዜው ይይዛል። የዛገ የባትሪ ጫፍ ላይ ኮካ ኮላ ይፈሳል፤ አሲዱ ዝገቱን ስለሚበላ እሱም ይሠራል። ችግሩ "ለጊዜው" የተባለው ነገር ሁለት ቦሎ ማስቆጠሩ ነው።

ወደ ተከፈተው ኮፈኖ እንመለስ። ገና ጢሱ ሳይበርድ ሰው ይሰበሰባል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል የሚባለው ለዛፍ ብቻ አይመስልም። ሎተሪ አዟሪው፣ የሕንፃው ጥበቃ፣ ሊስትሮው፣ ከሚኒባስ ዘሎ የወረደው ረዳት፣ ቦርሳ ያነገተ የቢሮ ሰው፤ ሁሉም የታመመ ሊጠይቅ የመጣ ዘመድ ይመስል ዙሪያዋን ይከባሉ። ሁሉም አንድ በሽታ ያውቃል። የሚያውቀውም የራሱን ወይም የአክስቱን ልጅ መኪና የያዛትን በሽታ ነው። በቅርቡ ፖምፓ የቀየረው "ፖምፓ ነው" ይላል፤ ባትሪ የገዛው "ባትሪ ነው፣ እኔን ስማኝ" ይላል። ረዳቱ የራሱ መኪና ኖሮት ባያውቅም ድምፁ ከሁሉም ይጎላል። "ቤንዚኑ ውሃ አለው! ከየት ነው የቀዳኸው?" ጥበቃው ብቻ ስለ በሽታው ግድ የለውም። እሱን የጨነቀው መኪናዋ በሩን ዘግታበት መቆሟ ነው፤ አለቃው ደግሞ ሊወጣ ነው።

ብዙ ጊዜ ከዚህ መሀል አንድ ባርኔጣ ያደረጉ ጡረተኛ አይጠፉም። ድሮ ፊያት ኤንትሬ እየነዱ አሰብ የተመላለሱ ናቸው። እሳቸው ሲናገሩ ረዳቱም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ችግሩ ስለ ፊት ለፊታቸው መኪና አለመናገራቸው ነው። "ጣርማ በር ላይ ነው፤ ሌሊት፤ ጉሙ እጅህን አያሳይህም" ብለው ይጀምራሉ። "ፍሬኑ እምቢ አለ። በማርሽ ይዤ አቆምኳት። ወርጄ ቅጠል ቆረጥኩ፣ ከፊትም ከኋላም አነጠፍኩ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቅኩ፣ ከዚያ ተኛሁ። ዛሬ ልጆቹ መብራት ያበሩና ስልካቸውን ያያሉ።"

ቅጠሉ ተረት አይደለም። አሁንም ከከተማ ወጣ ሲሉ አስፋልት ላይ የተነጠፈ እርጥብ ቅጠል ያየ ሹፌር ከፊቱ የቆመ መኪና እንዳለ ይገባዋል፤ የሚያንጸባርቀው ሦስት ማዕዘን ከሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ያላነሰ ይታመናል። ድንጋዩ ግን መኪናው ተነሥቶ ከሄደ በኋላ እዚያው ይቀራል፤ ለሚቀጥለው መኪና መቆሚያ ምክንያት ይሆናል።

"አባባ፣ ይህቺኛዋስ ምን ሆና ይመስልዎታል?" ይላቸዋል ባለቤቱ፣ ጨዋታው ሲረዝምበት። ጎንበስ ብለው ያያሉ። "እኔ እንጃ ልጄ። ሞተሩን የት ደብቀውት ነው? ይህ ሁሉ ፕላስቲክ ነው።"

ትራፊክ ፖሊሱ የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው።

"ለምን እዚህ አቆምክ?"

"አላቆምኩም፣ ቆማብኝ ነው።"

"ታዲያ ዳር አስይዘህ አትቆምም?"

"ሳታስፈቅደኝ ነው የቆመችው።"

ባለቤቱ ንጽሕናውን ለማሳየት ጣቱን ወደ መስታወቱ ይቀስራል፤ ቦሎው ገና አዲስ ነው። ዓመታዊ ምርመራ ያለፈች መኪና የመቆም መብት የላትም የሚል እምነት በሁለቱም ዘንድ አለ፤ ስለዚህ ፖሊሱ ቦሎውን፣ ባለቤቱ መኪናዋን፣ ሁለቱም በየተራ ሰማዩን ያያሉ። መጨረሻ ላይ ፖሊሱ ኮፍያውን ያስተካክልና "በሉ ግፏት!" ይላል። የሚጠበቀው ትእዛዝ ይኸው ነበር።

ግፊ የራሱ ሥርዓት አለው። አንዱ ቦርሳውን ለሌላ ያስይዝና እጁን ፖርቶ ባጋሊዮው ላይ ያሳርፋል፤ ሌሎቹ ይከተላሉ። መሪ አይመረጥም፤ ጮክ ብሎ የሚናገረው መሪ ይሆናል፣ እሱም ያው ረዳቱ ነው። "ቁልፉን ክፈት! ሁለተኛ አስገባ! ፍሪሲዮን ርገጥ! ስልህ ልቀቀው!" ቀበና አካባቢ አንዲት ቪትዝ በዚህ ሥርዓት ስትገፋ የሆነው ግን ሲወራ ይኖራል። ገፊዎቹ ስምንት ያህል ናቸው፤ አንዱ ክራቫት አስሯል። መኪናዋ ፍጥነት ይዛለች፣ ረዳቱ ጎን ለጎን ይሮጣል።

"አሁን! ልቀቀው!"

"ምኑን?"

"ፍሪሲዮኑን ነዋ!"

"ኦቶማቲክ ናት።"

ሁሉም በአንድ ጊዜ እጁን አነሣ። ኦቶማቲክ መኪና ገፍተው አያስነሷትም፤ ካምቢዮዋ ውስጥ ዘይቱን የሚገፋው ፖምፓ የሚዞረው በሞተሩ ስለሆነ፣ ሞተሩ ሳይነሣ ጎማው ሞተሩን የሚያዞርበት መንገድ የለም። እስከ እንጦጦ ቢገፏትም ያው ናት።

"ታዲያ ለምን አስገፋኸን?" አለ ክራቫቱ።

"እኔ መች ግፉ አልኩ? ደስ ብሏችሁ ስትገፉ እንዴት ልከልክላችሁ?"

በነገራችን ላይ፣ ከሁሉ ጠንክሮ የገፋው ቅድም "ደንቆሮ" እያለ ሲሳደብ የነበረው የሚኒባስ ሹፌር ነበር። ተሳፋሪዎቹን ሞልቶ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ ነው የገፋው። ደግነት ነው ወይስ መንገዱ ቶሎ እንዲለቀቅለት? ይህን የሚመረምር ሰው ገና መኪናው ያልቆመችበት ነው።

መግፋት እዚህ አገር ከመኪና ጋር አብሮ የገባ ሥራ ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ ዎልስሊ መኪና ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ ሲያመጣ ነዳጅ ማደያ ቀርቶ መንገዱም በቅጡ አልነበረም። አሸዋውንና ዳገቱን ያለፈችው በራሷ ሞተር ብቻ ሳይሆን በሰው ጉልበት ጭምር ነው። ስለ ጉዞው ክሊፎርድ ሃሌ የተባለ ጸሐፊ መጽሐፍ አሳትሞበታል። መኪናዋን ያመጣው ሰው ስም በታሪክ ቀረ፤ የገፏትን ሰዎች ስም የሚጠራ ግን የለም። ዛሬም እንደዚያው ነው። ከተገፋ በኋላ መኪናው የተነሣለት ሹፌር በመስኮት እጁን አውለብልቦ ይሄዳል፤ ካቆመ እንደገና ትጠፋበታለችና ይቅር ይባላል።

ቮልስ የምትባለው መኪና በዚህ ረገድ የተለየ ክብር አላት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወርደው ከቤተ መንግሥት የወጡት በአንዲት ቮልስ ነው። ጋራዣቸው ውስጥ ሮልስ ሮይስ የነበራቸው ንጉሠ ነገሥት ናቸው። ያን ዕለት ስለ ቮልሷ መጥበብ ብዙ ተወርቷል፤ ቆማ ተገፋች ያለ ግን የለም። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚያቀዘቅዛት አየር ስለሆነ ራዲያተር የላትም። ስለዚህ ከፊት ኮፈኖ ከፍቶ የሚያይ ሰው የሚያገኘው ስኮርታ ጎማና የዕቃ ቦታ ነው። ይህን ሳያውቅ ውሃ የሞላ ሃይላንድ ይዞ እየሮጠ የሚመጣ ደግ ሰው ሁልጊዜ አለ። የቮልስ ባለቤቶች ውሃውን አመስግነው ተቀብለው ይጠጡታል።

ላዳ ደግሞ ከጣሊያኑ ፊያት 124 የተቀዳች ናት። ሶቪየቶች ብርዳቸውንና መንገዳቸውን ስለሚያውቁ ቆርቆሮዋን አወፈሩ፤ ባትሪ ቢሞት በእጅ እየዞረ ሞተር የሚያስነሣ ማኑቬላም ጨመሩላት። እንዲህ አርቆ የሚያስብ ፋብሪካ ጥቂት ነው። መኪናው እንደሚቆም ከመጀመሪያው አምኗል።

ሹፌሯ ሴት ከሆነች ምክሩ እጥፍ ይሆናል። ስታዲየም አካባቢ አንዲት ነርስ ከአሮጌ ኮሮላዋ ጋር ቆማ የሰማችው ይህ ነው፦ "የኔ እናት፣ አንቺ ውስጥ ግቢ፣ እኛ እናየዋለን።" "ባለቤትሽ ጋ ደውዪ።" "ይቺ ባትሪዋ ነው፣ ምንም አያጠራጥርም።" ነርሷ ሁሉንም አዳመጠች። ከዚያ ፖርቶ ባጋሊዮ ከፍታ የክሪኩን ብረት አወጣች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ጎንበስ ብላ ሞተሪኖውን ጠቅ ጠቅ አደረገችው። "አንተ" አለችው ባትሪ ነው ያለውን፤ "ግባና ቁልፉን አዙርልኝ።" አዞረ። ተነሣች። ሞተሪኖ ውስጥ ያለው ካርቦን ሲያልቅ አልነካ ይላል፤ ቀላል ምት ሲያርፍበት ወደ ቦታው ይጠጋና አንድ ሁለት ቀን ያሠራል።

"ማን አሳየሽ?" አላት ሰውዬው ሲወርድ።

"እሷው ናታ" አለች መኪናዋን እያሳየች። ሰውዬው ለመሄድ ሲዞር "ባትሪዋንም ግን አስፈትሺው" ማለቱን አልተወም።

ቤንዚን ጨርሶ የሚቆም ሰው ደግሞ አዛኝ የለውም። ሕዝቡ ለበሽታ እንጂ ለረሃብ አይሰበሰብም። እሱም ቢሆን ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የራሱ አይደለም፤ በአሮጌ መኪና የነዳጅ ልኩን የሚያሳየው ጌጅ ከሞተ ቆይቷል። ባለቤቱ የሚነዳው በስሌት ነው፦ ባለፈው ሐሙስ ይህን ያህል ቀዳሁ፣ ይህን ያህል ሄድኩ። የሠርግ አጀቡን ረስቶ ሳይቆጥር ይቀርና ከማደያው በዓይን በሚታይ ርቀት ላይ ይቆማል። ባዶ ጀሪካን ይዞ ይሄዳል።

"በጀሪካን አንሸጥም፤ ክልክል ነው። መኪናህን አምጣ።"

"መኪናዬን ለማምጣት እኮ ነው ቤንዚን የምፈልገው።"

"ገባኝ። መኪናህን አምጣና እንቀዳልሃለን።"

ተለምኖ፣ ተማልዶ፣ ኃላፊ ተጠርቶ ቢፈቀድ እንኳ ሌላ ችግር አለ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ የሚከፈለው በስልክ ነው። የሰውዬው ስልክ ደግሞ ሞቷል። የገደለው መካኒኩ ነው።

መካኒክ የሚባለው ሰው በአካል ከመምጣቱ በፊት በስልክ ብዙ ይሠራል። "ድምጿን እስቲ አሰማኝ" ይላል። ባለቤቱ ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠግቶ ቁልፉን ያዞራል። "እንደገና።" እንደገና ያዞራል። መካኒኩ ይተነፍሳል፣ ያስባል፣ ከጀርባው የቡና ቤት ሳቅ ይሰማል። "ከኋላዬ ሰው አለ፤ አንዷን ላስረክብና መጣሁ፤ ሃያ ደቂቃ አይፈጅብኝም።" ከዚያ በኋላ በየደወሉ "ደርሻለሁ" ነው። ልደታ ነው፤ "ደርሻለሁ"። ገና ከጋራዡ አልወጣም፤ "ደርሻለሁ"። ሲመጣ ደግሞ እውነትም ጎበዝ ነው፤ አንዷን ገመድ ነቅሎ ይመልስና ይነሣል። "ዕቃ ግን ትፈልጋለች" ይላል እጁን በጨርቅ እየጠረገ። "ነገ ሶማሌ ተራ ሄጄ አይልሃለሁ።" ሶማሌ ተራ የማይገኝ የመኪና ዕቃ የለም፤ አንዳንዱ ሰው ባለፈው ሳምንት የጠፋበትን የራሱን ስፖኪዮ እዚያ መልሶ ገዝቻለሁ እያለ ያወራል።

ስልኩ ከመሞቱ በፊት የደረሰው የመጨረሻ ጥሪ ከቤት ነው። "የት ነህ?" "መኪና ቆማብኝ።" ዝምታ። ለዘገየ ሰው ሁሉ ያገለገለ ሰበብ ስለሆነ እውነት ሲሆን አይታመንም። "እስቲ በቪዲዮ አሳየኝ" ትላለች ሚስት። ያኔ የተከፈተው ኮፈኖ ሁለተኛ ጥቅሙን ይሰጣል፤ ስልኩ ከሞተሩ ወደ ገፊዎቹ፣ ከገፊዎቹ ወደ ጡረተኛው ይዞራል። ጡረተኛው ባርኔጣቸውን አንሥተው "እንደምን አመሸሽ ልጄ፣ እውነቱን ነው" ይላሉ። ነገሩ የሚዘጋው በሽማግሌ ነው።

እነዚህ አሮጌ መኪኖች ለምን አይቀየሩም የሚል ይኖራል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ የሚገቡ ያረጁ መኪኖችን እስከ 500 በመቶ በሚደርስ ታክስ ሲመታ፣ አገር ውስጥ ያሉት አሮጌዎች ደረታቸውን ነፉ። በሌላ አገር መኪና ሲያረጅ ይረክሳል፤ እዚህ ሃያ ዓመት ሲሞላው ዋጋው ከአዲስነቱ ይበልጣል፣ ባለቤቱም በየዓመቱ ያከብረዋል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። መንገዱ ላይ ድምፅ የሌላቸው ኤሌክትሪክ መኪኖች በዙ። የኮፈኖ ነገር አበቃ ተባለ።

አላበቃም። ሲኤምሲ መንገድ ላይ አንድ ምሽት አዲስ፣ ሰባት ሰው የምትይዝ ኤሌክትሪክ መኪና መሀል ላይ ቀጥ አለች። ባለቤቱ ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ ወረደና በልማድ ኮፈኖ ከፈተ። ሰው ተሰበሰበ። ሁሉም ጎንበስ አለ፤ ጥቁር ፕላስቲክ ክዳን። ካንዴላ ነው እንዳይባል ካንዴላ የላትም። የቤንዚን ፖምፓ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ የሚባል ነገር የላትም። ምክር ነጠፈ። ረዳቱ እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቸገረ፤ ብዙ አስቦ "ካርድ ጨርሳ ይሆናል" አለ። ባለቤቱ ግን ጠዋት ሞልቷታል።

መልሱ የመጣው ከሰማያዊ ላዳ ነው። ሹፌሩ ሲጋራውን አጥፍቶ ቀረብ አለና "አሥራ ሁለት ቮልቷ ሞታ ነው" አለ። ልክ ነበር። ኤሌክትሪክ መኪኖች ከትልቁ ባትሪ ሌላ፣ እንደ ማንኛውም መኪና አንዲት ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ ኮምፒዩተሩን የምትቀሰቅሰውና ትልቁን ባትሪ የምታገናኘው እሷ ናት። እሷ ከሞተች ሌላው ሁሉ ሞልቶ እያለ መኪናዋ ከቆርቆሮ አትለይም። ሹፌሩ ከወንበሩ ሥር ገመዱን አወጣ።

"ስንት ልስጥህ?"

ሹፌሩ አዲሲቱን መኪና ከፊት እስከ ኋላ ቃኛት። "ቪትዝ ብትሆን መቶ ብር ነበር። ለዚች ሁለት መቶ።"

"ያው ባትሪ አይደል እንዴ?"

"ባትሪውማ ያው ነው። መኪናው ነው የተለያየው።"

ገመዱ ከላዳ ወደ ኤሌክትሪኳ ተዘረጋ። ቤንዚን እንዳይባክን ላዳው ሞተሩን አጥፍቶ ነበር። ኤሌክትሪኳ ነቃች፣ መብራቷ ቦግ አለ፣ ሰው አጨበጨበ። ላዳው ገብቶ ቁልፉን አዞረ። "ጭ"። ያላት ሁሉ ተሰጥቶ አልቋል። "ገመዱን አንዴ በግልባጩ እናድርገው" አለ ረዳቱ፤ ባለቤቱ ግን መመሪያ መጽሐፉን አገላብጦ ራሱን ነቀነቀ፤ ከሌላ መኪና መቀበል እንጂ ለሌላ መስጠት አይፈቀድላትም። ማኑቬላዋ የት እንደገባች ሹፌሩ ካወቀ ዓመታት አልፈዋል።

ሰዉ ግን ፊቱ በራ። ይህቺኛዋ ፍሪሲዮን አላት! ቦርሳዎች መሬት ወረዱ፣ እጆች ፖርቶ ባጋሊዮው ላይ አረፉ፤ ባለ ሙሉ ልብሱም ኮቱን አውልቆ ከመሀል ገባ። ረዳቱ ጉሮሮውን ጠረገ፦ "ሁለተኛ አስገባ! ስልህ ልቀቀው!" ላዳዋ መንቀሳቀስ ስትጀምር ሹፌሩ በመስኮቱ ጭንቅላቱን አወጣና ወደ ኋላ ጮኸ፦

"አንተ ባለ ኮቱ! ከሁለት መቶው ሃምሳ ቀንሼልሃለሁ!"